ጤነኛ ትምህርት፦ ስለ «ዲዳስካሊያ»

«ዲዳስካሊያ» የተባለው የግሪክ ቃል በአዲስ ኪዳን 21 ጊዜ ተጽፏል። 15ቱ በሦስት አጫጭር መልእክቶች፣ በሁለቱ ጢሞቴዎስና በቲቶ ውስጥ ይገኛሉ፤ መልእክቶቹ በኤፌሶንና በቀርጤስ ያሉትን አገልጋዮች ከሐሰተኛ አስተማሪዎች ያስጠነቅቃሉና።

ቃሉ የማስተማርን ሥራም፣ የሚሰጠውን ትምህርትም ያመለክታል። እጅግ የሚያስደንቀው ግን አብሮት የሚመጣው ገላጭ ነው፦ «ጤነኛ»። ሉቃስ 5፥31 ላይ ሐኪም የማያሻቸው ሰዎች የተገለጡበት ግሥ፣ በእነዚህ መልእክቶች ለትምህርት ውሏል። ቲቶ ምዕራፍ 2ም ጤነኛውን ትምህርት ካነሣ በኋላ ወደ ረቂቅ ክርክር አይገባም፤ በቀጥታ ወደ ሽማግሌዎች፣ ወደ አሮጊቶች፣ ወደ ወጣቶችና ወደ ባሮች አኗኗር ይሻገራል። ትምህርቱ የሚመዘነው በቤት ውስጥ ጠባይ ጭምር ነው ማለት ነው።

መታለፍ የሌለበት ሌላ ነገርም አለ። ቃሉ በብዙ ቁጥር የመጣው አራት ጊዜ ብቻ ነው፦ ማቴዎስ 15፥9፣ ማርቆስ 7፥7፣ ቆላስይስ 2፥22 እና 1 ጢሞቴዎስ 4፥1። በአራቱም ቦታ የሰው ወይም የአጋንንት ትምህርት ተብሎ ተነቅፏል።

ለኢትዮጵያውያን ቃሉ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ መጻሕፍት የምትቆጥረው «ዲድስቅልያ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው፤ የሚደነግገውም ስለ ኤጲስ ቆጶሳት፣ ስለ መበለቶችና ስለ ሙት ልጆች ነው።