ተንጋሎ የሚሠራው ማሽን

አጋሮ ልጅ ሳለሁ የማውቀው ፕሌይስቴሽን በጀርባው ተንጋሎ ነበር የሚሠራው። ቀጥ አድርገው ሲያስቀምጡት ሲዲው እያፏጨ ይሽከረከራል እንጂ ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም አይመጣም። የጌም ቤቱ ባለቤት «ቆይ፣ ሌንሱ ነው» ይልና ብድግ አድርጎ ይገለብጠዋል፤ ወዲያው ኳሱ ይጀመራል። እኛም አግዳሚው ላይ ተጨናንቀን፣ ጆይስቲክ እየተቀባበልን፣ ተሸናፊ እየተነሳ እስኪመሽ እንጫወታለን። የቡና ለቀማ ወራት ከሆነ ኪሳችን ባዶ አይሆንም፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ እሸት ለቅመን ያገኘናት ሳንቲም እዚያው ቤት ትቀራለች። እናቶቻችን ሰውዬውን እንዴት እንደሚረግሙት እሱም ያውቅ ነበር።

መገልበጡ አስማት ይመስለን ነበር። ምስጢሩ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ውስጥ ሲዲውን የሚያነበው ሌንስ የሚንሸራተተው በፕላስቲክ ሐዲድ ላይ ነው። ፕላስቲኩ በሙቀትና በፍትጊያ ባንድ ወገን ይበላል፤ ሌንሱ ያዘነብላል፤ ጨረሩ ሲዲውን ይስታል። ማሽኑ ሲንጋለል የሌንሱ ክብደት ወደ ሌላው ወገን ይሳብና ለጊዜው ይቃናል። ለጊዜው ነው ታዲያ። ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ፕሌይስቴሽን 2ን ደግሞ በ2013 መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ጥገና አንዱን ፈትቶ ሌላውን ማዳን ነው።

ጨዋታው ግን ማሽኑን ተከትሎ አልሞተም። ጅማ ላይ ባጃጅ እየጠበቀ ስልኩን አጋድሞ በሁለት አውራ ጣቱ ኳስ የሚጫወት ወጣት ካያችሁ ስክሪኑን ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ምናልባት የሚጫወተው ሶኒ በ2004 አውጥቶ ከአሥር ዓመት በኋላ ለተወው ፒኤስፒ ለሚባል የእጅ መጫወቻ የተሠራ ጨዋታ ይሆናል። ልጁ ፒኤስፒን በዓይኑ አይቶ ላያውቅ ይችላል። የተጫዋቾቹ ስም ግን የዘንድሮ ነው፤ ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች አሮጌውን ፋይል እየከፈቱ ዝውውሩን ያስገቡለታል። ስልኩን ፒኤስፒ የሚያስመስለው ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ይህን ዓይነቱን ፕሮግራም ኢሙሌተር ይሉታል።

አሠራሩን ለጅማ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በአባ ጅፋር ዘመን ወደ ሂርማታ የሐሙስ ገበያ ነጋዴ ከሩቅ አገር ይመጣ ነበር፤ ቋንቋው ያልገባው መሐል ላይ አስተርጓሚ ያቆማል። ጨዋታም በአንድ ማሽን ቋንቋ የተጻፈ የትእዛዝ ክምር ነው። የፒኤስፒ ፕሮሰሰር የሚናገረው ሚፕስ የሚባለውን ቋንቋ ሲሆን የዛሬ ስልኮች የሚናገሩት አርም የሚባለውን ነው። ፋይሉን እንዳለ ለስልኩ ብትሰጡት አንዲት ትእዛዝ አይገባውም። ኢሙሌተሩ መሐል ይቆምና «እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደምር» የሚለውን በሚፕስ ሰምቶ በአርም ይናገራል፤ በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ።

አስተርጓሚ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቃል በቃል ይተረጉማል፤ ያው ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ቢመጣ መቶ ጊዜ እንደ አዲስ ይለፋል። ሌላው ብልህ ነው፤ አንዴ የተረጎመውን ደብተሩ ላይ ጽፎ ያኖርና ሲደገም ከዚያው ያነባል። ጨዋታ መደጋገም ይበዛበታል፤ ሥዕሉ በሴኮንድ 30 ወይም 60 ጊዜ እንደገና ሲሣል ያው ስሌት ይመላለሳል። ርካሹ ስልክ ላይ ኳሱ ሳይንቀረፈፍ የሚሄደው በዚህ ባለደብተር አስተርጓሚ ነው።

ቋንቋው ብቻ ቢሆን ነገሩ ባልከበደ። የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ፕሮሰሰር 294 ሜጋኸርዝ ገደማ ላይ ይሠራል፤ ሁለት የሒሳብ ረዳቶች አሉት፤ ሥዕሉን የሚሥለው ሌላ፣ ድምፁን የሚያወጣው ሌላ። ጆይስቲኩንና ሚሞሪ ካርዱን የሚያስተናግደው ደግሞ ራሱ የቀድሞው ፕሌይስቴሽን ፕሮሰሰር ነው፤ ልጅ አባቱን በሆዱ ይዞ ተወለደ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ እኩል ይሮጣሉ፣ ይጠባበቃሉ። አንዷ ስትቆላ፣ አንዷ ስትወቅጥ፣ አንዷ ጀበና ስትጥድ እንዳለችበት ቤት ነው። ኢሙሌተሩ ይህን ሁሉ ተራ ሳያፋልስ ብቻውን መሥራት አለበት። በ1990 የወጣው ሱፐር ፋሚኮም የተባለው መጫወቻ ፕሮሰሰሩ ቢበዛ 3.58 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ያንን ማሽን ቅንጣት ሳያጓድል ለማስመሰል የተሠራው ቢኤስኔስ የተባለ ኢሙሌተር ግን የ3 ጊጋኸርዝ ኮምፒውተር የሚጠይቅበት ጊዜ ነበር። ከስምንት መቶ እጥፍ በላይ! ጥሩ አስተርጓሚ ውድ ነው።

ፍጥነት ሲበዛም ችግር ነው። የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር 4.77 ሜጋኸርዝ ነበር፤ አንዳንድ ጨዋታዎች ሰዓታቸውን የሚለኩት በእሱ ፍጥነት ስለነበረ በኋላ በመጡ ኮምፒውተሮች ላይ መኪናው ገና መሪ ሳትጨብጡ ገደል ይገባል። በድሮ ዴስክቶፖች ፊት ላይ «ተርቦ» የሚል ቁልፍ የነበረው ለዚህ ነው፤ ስሙ ፍጥነት ቢሆንም ዋና ጥቅሙ ማዝገም ነበር። በ2002 የወጣው ዶስቦክስ የተባለው ኢሙሌተር ያንን ቁልፍ በፕሮግራም ተክቶ አዲሱን ኮምፒውተር ልጓም ያስይዘዋል።

እኔን ግን ከሁሉ የሚያስቀናኝ ሌላ ነገር ነው። 3 ለ 0 እየመራችሁ መብራት ሄዶባችሁ ያውቃል? እኛ ዘንድ መብራት ሲመለስ ሁሉም ከዜሮ ነው፤ ተመሪውም «አልነበርክም» ብሎ ይክዳል። ኢሙሌተር የማሽኑን ሙሉ ትዝታ፣ ኳሱ በአየር ላይ እንዳለ ሳይቀር፣ በአንድ ቁልፍ ፋይል አድርጎ ያስቀምጠዋል። የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ሚሞሪ 32 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ፋይሉ ትንሽ ነው። ነገ ስትከፍቱት ኳሱ እዚያው አየር ላይ ይጠብቃችኋል።

ሐሳቡ የጨዋታ ወዳዶች ፈጠራ አይደለም። አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360 የተባለውን ኮምፒውተር ሲያስተዋውቅ ደንበኞቹ የቆየ ፕሮግራማቸውን እንዳይጥሉ ማስመሰያ አብሮ አቅርቦ ነበር። በ1997 ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ የመጫወቻ አዳራሽ ማሽኖችን የሚያስመስለውን ማሜን አወጣ። ፒፒኤስኤስፒፒን በ2012 ያወጣው ስዊድናዊው ሄንሪክ ሪድጎርድ ነው። በመሐሉ ክስም ነበረ። ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ ፕሌይስቴሽንን የሚያስመስል ፕሮግራም ሠርቶ ሲሸጥ ሶኒ ፍርድ ቤት አቆመው፤ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2000 ለኮኔክቲክስ ፈረደ። ማሽኑን ፈትሾ አቻውን መሥራት አልተከለከለም።

ጨዋታውን መቅዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና ሙዚቃ ሁሉ ይጠብቃል። ሚሞሪ አስጭነን፣ ፍላሽ አስሞልተን ለሠሪው አምስት ሳንቲም ሳይደርሰው የተጫወትን እኛ ንጹሕ ነን ማለት አንችልም። ዛሬ ገበያ ላይ ያለን ጨዋታ እንዲያ ማግኘት መስረቅ ነው፤ አላለባብሰውም። ገንዘብ ይዤ ብመጣ የሚሸጥልኝ የሌለውን ጨዋታ በተመለከተ ግን ልቤ ይላላል። በ2023 የወጣ ጥናት በአሜሪካ ከወጡት የቆዩ ጨዋታዎች 87 በመቶው ከገበያ መጥፋታቸውን አሳይቷል። ባለቤቱ አይሸጠውም፣ ሌላው እንዲያስቀምጠው አይፈቅድም፣ ሲዲው ይላጣል።

ከአጋሮ ብዙ ሳይርቅ ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ አለች፤ ቡና የተገኘባት ትባላለች። እዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ናሙናዎች የሚጠበቁበት ማሳ አለ። ስንዴና ገብስ ደርቆ አዲስ አበባ የዘር ባንክ ውስጥ በብርድ ቢቀመጥ ዓመታት ይቆያል። የቡና ፍሬ ግን ድርቀትና ብርድን እንደ እህል አይችልም። ስለዚህ ተተክሎ፣ ተኮትኩቶ፣ እያበበና እያፈራ ነው የሚጠበቀው፤ ዛፉ ከሞተ ዘሩ ሞተ። ልጅ ሆኜ በዚያ ሳልፍ ተራ የቡና እርሻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ጨዋታም ከስንዴ ይልቅ ወደ ቡና ያደላ ይመስለኛል። ሲዲውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ማኖር አያድነውም፤ የሚነሳበት ማሽን ከሌለ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነው። ኢሙሌተር የጮጬ ማሳ ነው።

ለጨዋታ ብቻም አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የተባለውን የዓለም ፊደላት ሠንጠረዥ የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፈው ሁሉ እንደየፕሮግራሙ ነበር። አንድ ጊዜ የራሴን የድሮ ጽሑፍ ብከፍት የላቲን ምልክት ዝርክርክ ሆኖ ጠበቀኝ። ያነበብኩት አዲሱ ላፕቶፕ ውስጥ ዊንዶውስ 98ን አስነስቼ፣ ፊደሉን ጭኜ ነው፤ ዘዴው ኳሱን ካተረፈው ጋር ዘመድ ነው።

እናንተም ቤታችሁ ገዝታችሁ ያስቀመጣችሁት የጨዋታ ሲዲ ካለ አሁኑኑ ሙሉውን ሲዲ ፋይል አድርጋችሁ ቅዱት። ከጭረቱ ይልቅ የሚያስቸኩለው ሲዲ ማንበቢያ ያለው ኮምፒውተር ራሱ እየጠፋ መሆኑ ነው። ሚሞሪ ካርዱንም አትርሱ፤ የልጅነታችሁ ዋንጫ እዚያ ውስጥ ነው። መንገዱ ከጠፋባችሁ የሠፈራችሁን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠይቁ፤ ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም የማይረዝም ሥራ ነው።