ዓይናችሁን የሚያቃጥለው እውነት ስክሪኑ ነው?

“ዶክተር፣ ኮምፒውተር ላይ ስቆይ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል። ወረቀት የሚመስለውን ስክሪን ልግዛ?” የምትሉኝ በዝታችኋል። እኔም ሞክሬዋለሁና የገጠመኝን ልንገራችሁ።

ወረታ ስሠራ ሪፖርት የምጽፈው ማታ ማታ በላፕቶፕ ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዓይኔ ይቃጠላል፣ ራሴን ይፈልጠኛል። ውጭ አገር ያለ የአክስቴ ልጅ ቡክስ የሚባለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ ላከልኝ። አንድሮይድ ስለሆነ አፕ ጭኜ በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁትና ሞኒተር አደረግሁት።

እንዴት ይሠራል? የስልካችን ስክሪን ብርሃን ወደ ዓይናችን ይለቃል። ይኼኛው ግን ጥቁርና ነጭ ደቃቅ ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ እያንቀሳቀሰ ፊደል ይሠራል፤ የሚነበበውም እንደ ወረቀት በአካባቢው ብርሃን ነው። የፎገራ ሜዳ ፀሐይ ላፕቶፔን መስታወት ስታደርገው፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ይኼኛው ጥርት ብሎ ይነበብልኝ ነበር። ጉድለትም አለው፦ ቀርፋፋ ነው፣ ያለፈው ገጽ ጥላ ይቀርበታል፣ ለቪዲዮና ለኤክስሬይ ምስል አይሆንም።

ማቃጠሉ ቀለል አለልኝ። ራስ ምታቱ ግን ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ዓይኔን ስመረመር ለካ የቅርብ ማንበቢያ መነጽር ነበር የሚያስፈልገኝ። ዕድሜዬ 40 አልፏል! ሰውን “ተመርመሩ” የምል ሐኪም፣ ራሴ ሳልመረመር ወራት አለፉ።

ማቃጠሉስ ከምን መጣ? በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ዓይን፣ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። እንባው ይደርቃል። የስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ዓይን እንደሚያበላሽ ግን ማስረጃ የለም።

ምን እናድርግ?
1. በየ20 ደቂቃው፣ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ እንይ። ወረታ ላላችሁ በመስኮት የሩዝ ማሳውን ማየት ይበቃል።
2. ስክሪኑን የክንድ ያህል አርቀን፣ ከዓይናችን ትንሽ ዝቅ እናድርግ።
3. አውቀን ዓይናችንን እናርገብግብ።
4. ከ40 በላይ ከሆንን መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ግዢ።

ጥንቃቄ! በክልላችን የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ዛሬም አለ። የሚቆረቁራችሁ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ሊሆን ይችላልና በወረንጦ እየነቀላችሁ አትቆዩ። ከባድ ሕመም፣ የእይታ መቀነስ ወይም በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ካያችሁ “የኮምፒውተር ነው” አትበሉ፤ በዚያው ቀን ታዩ።

ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ወዳጃችሁ አጋሩት። መልካም ጤና!