ስለ ገና በዓል፥ ሕፃናትም በበዓሉ ስላላቸው ድርሻ

ገና የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት የሚታሰብበት ታላቅ በዓል ነው። በኢትዮጵያ ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል፤ በየአራት ዓመቱ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ከኅዳር ወር እኩሌታ ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚጾም፥ በዓሉ የጾም መፍቻም ነው።

ይህ በዓል የታላላቆች ብቻ አይደለም። የሚታሰበው የሕፃን መወለድ ስለ ሆነ ሕፃናትም ድርሻ አላቸው። ድርሻ ማለት ግን መብላትና አዲስ ልብስ መልበስ ብቻ አይደለም፤ ድርሻ ማለት ሥራም ነው። ሰው የተሰጠውን ነገር ፈጥኖ ይረሳል፤ በእጁ የሠራውን ግን እስኪያረጅ ድረስ ያስታውሰዋል።

በቀድሞ ዘመን የገጠር ልጆች የገና ሥራ ነበራቸው። በዓሉ ሲቀርብ ጫፉ ቆልማማ የሆነ እንጨት ፈልገው ቆርጠው በትር ያበጁ ነበር። ከእንጨት ወይም ከቆዳም ሩር ያዘጋጁ ነበር፤ ሩር ማለት በዚያ በትር የሚመታው ድቡልቡል ነገር ነው። እረኞች የልደትን የምሥራች በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው የተነሣ በበትራቸው ተጫወቱ፤ የገና ጨዋታም ከዚያ ጀመረ ተብሎ ይነገራል። በዚህ ጨዋታ ሎሌ ከጌታው ጋራ ይጋጠም ነበር፤ ጌታውም ቢመታ አይቆጣም ነበር። በአዲስ አበባም ጃን ሜዳ ይህ ጨዋታ ሲታይበት የኖረ ስፍራ ነው። ልጆቹ ይህን እያዩ በበዓሉ ፊት ትልቅና ትንሽ እኩል መሆኑን ይማሩ ነበር።

በአዲስ አበባ በምሥራቅ በኩል፥ በቦሌ፥ በገርጂ፥ በሰሚትና በአያት፥ ዛሬ ኑሮው ሌላ ነው። እርሻና መስክ በነበረው ምድር ላይ ፎቅ ቤቶች ቆመዋል። ከ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ይኖራሉ። ለበትር እንጨት የሚቆረጥበት ዱር የለም፤ የብዙ ልጆች አያቶችም በሩቅ አገር ናቸው። ይሁን እንጂ መልካሙ ልማድ ሁሉ አልጠፋም። ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ገዝተው ያርዳሉ፤ ሥጋውንም በእኩል መደብ ይካፈላሉ፤ ይህም ቅርጫ ይባላል።

በሱቆች ደጃፍ ደግሞ የፕላስቲክ ዛፍ፥ የሚያብለጨልጭ መብራትና የገና አባት ምስል ይታያል። ይህ ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ነው። ዛፍን በመብራት ማስጌጥ ክፉ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ዛፍ አይናገርም። በዓሉ ስለ ምን እንደ ሆነ ለልጅ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ፎቅ ላይ ፊት ለፊት የሚኖሩ ሁለት ቤተ ሰቦች ይታሰቡ።

የመጀመሪያው አባት ልጆቹን ስለሚወድ ገንዘብ ተበድሮ ትልቅ ዛፍና ብዙ መጫወቻ ገዛ። ቤቱንም ምግቡንም ታላላቆች ብቻ አሰናዱት። ልጆቹ ግን፥ «አትንኩ፤ አታቆሽሹ፤ ተቀመጡ» ይባሉ ነበር። በበዓሉ ቀን የታናሹ መጫወቻ እኩለ ቀን ሳይሆን ተሰበረ፤ ልጁም አለቀሰ። ማታ፥ «ዛሬ የምን በዓል ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ «የመጫወቻ በዓል» ብሎ መለሰ። አባቱ ይህን ሰምቶ አዘነ፤ ዕዳው ግን ከነበረበት አልጐደለም።

የሁለተኛው ቤት ገንዘብ ጥቂት ነበር። እናቲቱ በዓሉ ሰባት ቀን ሲቀረው ሰባት ባቄላ በስኒ ውስጥ አኖረች። ማታ ማታ ታናሹ ልጅ አንዱን ባቄላ ያወጣል፤ እርስዋም ከልደት ታሪክ አንዱን ክፍል ትነግራቸዋለች። አንድ ቀን የመልአኩን ብሥራት፥ አንድ ቀን የቤተ ልሔምን መንገድ፥ አንድ ቀን በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ መታጣቱን ነገረቻቸው። ከላስታ የመጡት አያታቸውም፥ በላሊበላ በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ በዓለቱ ጫፍ፥ ግማሾቹም ከታች ቆመው ቤዛ ኵሉ የተባለውን ዝማሬ እንዴት እንደሚያቀርቡ አጫወቷቸው።

በዋዜማው ታላቁ ልጅ ከአባቱ ጋራ ሾላ ገበያ ሄዶ ዶሮውን ተሸክሞ መጣ። እናቲቱ ዶሮውን እንደ ልማዱ 12 ብልት አድርጋ ስትገነጥል ልጆቹ እየተቀባበሉ ቈጠሩ። ማታም፥ ማንበብ የጀመረችው ልጅ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ቀስ እያለች ለአያቷ አነበበች። አያቲቱ ፊደል አልቈጠሩም፤ ታሪኩን ግን በልባቸው ያውቁት ነበር። ያም ሆኖ ከልጅ ልጃቸው አፍ በሰሙት ጊዜ እንደ አዲስ ሆነላቸው፤ ልጂቱንም መረቋት። ከዚህ በኋላ አባትና እናት ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ሄደው በጸሎት አደሩ።

ሲነጋ ታናሹ ልጅ ቄጤማውን ጐዘጐዘ። አባቱም ዳቦውን ባርኮ ቈረሰ። ማንም ከመቅመሱ በፊት የመጀመሪያው ቍራሽ ከወጥ ጋራ በሳሕን ተደረገ፤ ታላቁ ልጅም በሁለት እጁ ይዞ ከታች ብቻቸውን ለሚኖሩ አሮጊት ወሰደላቸው። «እማማ፥ እንኳን አደረሰዎ» አላቸው። «እንኳን አብሮ አደረሰን፥ ልጄ፤ ስምህ ማነው?» አሉት። ከዚያ ቀን በፊት በደረጃው ሲያልፍ ያዩት ነበር እንጂ ስሙን አያውቁም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በስሙ ይጠሩት ጀመር።

ዓመቱ ዞሮ ታኅሣሥ በደረሰ ጊዜ ታናሹ ልጅ፥ «ባቄላው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቲቱ በሥራ ብዛት ረስታው ነበር። ልጅ ሳይታዘዝ የሚጠይቀው ነገር እርሱ የቤቱ ልማድ ሆኗል።

ይህ ጥበብ በሌላ አገርም የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1223 ዓ.ም. ፍራንሲስ የተባለ የአሲዚ ሰው በጣሊያን አገር ግሬቾ በምትባል መንደር ግርግም አሰናድቶ ድርቆሽ ጨመረበት፤ በሬና አህያም አቆመ። ይህን ያደረገው የመንደሩ ሰዎች የጌታን ድህነት በዓይናቸው አይተው እንዲያስተውሉ ነው። ዓይን ያየውንና እጅ የዳሰሰውን ነገር ልብ አጥብቆ ይይዘዋል።

እንግዲህ ወላጆች ከአቅማቸው በላይ ለበዓል ሊበደሩ አይገባም። ትንሽ ነገር መርጠው በየዓመቱ ሳያቋርጡ ከልጆቻቸው ጋራ ያድርጉት፤ ምክንያቱንም ይንገሯቸው። ለሦስት ዓመት ልጅ ቄጤማ መጐዝጐዝ ይበቃዋል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ሳሕን ማድረስ ይቻለዋል።

እናንተም ማንበብ የተማራችሁ ልጆች ሆይ፥ ድርሻችሁ ታላቅ ነው። ማንበብ ለማይችሉት አያቶቻችሁና ለታናናሾቻችሁ የልደቱን ታሪክ አንብቡላቸው። ይህ ስጦታ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እንደ መጫወቻም አይሰበርም።