አማካዩ የሚደብቀው ማሳ

በቀየት፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች የአንድ አርሶ አደር ማሳዎች እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከቤት አጠገብ ያለው አረዳ ፍግና አመድ ሲደፋበት የኖረ ነው። የዳገቱን አፈር ጎርፍ ያጥበዋል፤ ግርጌው ደግሞ የታጠበውን ይቀበላል። የሜዳው ዋልካ ውኃ ይቋጥራል።

አርሶ አደሩ ልዩነቱን ጠንቅቆ ቢያውቀውም የማዳበሪያ ምክረ ሐሳቡ ለዓመታት አንድ ወጥ ነበር፦ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ።

በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ናሙና አሰባስቦ የለምነት ካርታ አዘጋጀ። ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ በተጨማሪ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን የሚጎድላቸው አካባቢዎች መኖራቸው ታወቀ፤ በዳፕ ምትክም ድኝ ያለው ኤን ፒ ኤስ ገባ።

ይሁንና እያንዳንዱን ማሳ መመርመር አይቻልም። በናሙናዎች መካከል ያለው ቦታ የሚገመተው በስሌት ነው። የስሌቱ መነሻ የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሲሆን፣ ዘዴው ክሪጊንግ የተባለው በመሐንዲሱ ዳኒ ክሪጌ ስም ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው ዦርዥ ማተሮን በሒሳብ አደራጀው። መጀመሪያ የናሙናዎች መመሳሰል ከርቀት ጋር እንዴት እንደሚቀንስ ይለካል፤ ከዚያም ለቅርቡ ናሙና የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ናሙናው በራቀ ቁጥር ግምቱ ይላላል፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ውጤትም ወደ መካከለኛው ይሳባል። ስለዚህ ካርታው ለወረዳ ዕቅድ ቢያግዝም የማሳን ምርመራ አይተካም።

ለምሳሌ የአንዱ ማሳ ፒኤች 4.8፣ የሌላው 6.6 ቢሆን አማካዩ 5.7 ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲሆን ኖራ ይመከራል ከተባለ፣ በአማካዩ መሠረት ሁለቱም ማሳዎች ኖራ አያስፈልጋቸውም። አሲዳማው ማሳ ግን ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ፎስፈረሱ በአፈሩ ተይዞ ስለሚቀር ሰብሉ በቂውን አያገኝም። አርሶ አደሩ የገዛው ማዳበሪያ ባክኖ ይቀራል።

በባሶና ወራና ወረዳ በስንዴ ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ግርጌው ለማዳበሪያ የሚሰጠው ምላሽ ከዳገቱ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። በዳገቱ ላይ አፈሩን በእርከንና በፍግ ሳይጠብቁ መጠኑን መጨመር ብቻውን አያዋጣም።

መፍትሔው ከናሙና አወሳሰድ ይጀምራል። አረዳው፣ ዳገቱ፣ ግርጌውና ዋልካው ለየብቻ ይወሰዱ። ከእያንዳንዱ፣ በዚግዛግ እየሄዱ፣ ከ10 እስከ 15 ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስዶ በንጹሕ ባልዲ መቀላቀል ያስፈልጋል። የማዳበሪያ ጆንያ መጠቀም፣ ፍግ ከተከመረበት፣ ከዛፍ ሥርና ከእርከን ጠርዝ መውሰድ ውጤቱን ያዛባል። በናሙናው ላይ ቀበሌው፣ የማሳው አቀማመጥና ያለፈው ዓመት ሰብል ይጻፍበት።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ኖራና ማዳበሪያ ሲደለድሉ ከቀበሌው አማካይ ጎን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ውጤት፣ የናሙናውንም ብዛት ሊጠይቁ ይገባል። ኖራ የሚያስፈልገው ማሳ የሚለየው በዚህ ነው።