ጤዛ፣ ሙቀትና ዋግ፦ የአጃ ሰብል ፈተና ከዘር እስከ አጨዳ

ሲያትል፣ ዋሽንግተን — በዝናቧና በደመናዋ የምትታወቀው ሲያትል እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2021 በታሪኳ ያልታየ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት መዘገበች። የከተማዋ ነዋሪዎች ቀኑን የሚያስታውሱት ማቀዝቀዣ በሌላቸው ቤቶች ባሳለፉት ጭንቅ ነው። በዚያው ክረምት ግን ከከተማዋ በስተምሥራቅ በተዘረጉት የሰሜን አሜሪካ የእህል ሜዳዎች ሙቀቱና ድርቁ ሌላ ታሪክ ጽፈዋል። የአሜሪካ የአጃ ምርት ከ40 ሚሊዮን ቡሼል፣ ማለትም ከ5.8 ሚሊዮን ኩንታል በታች ወረደ። መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1866 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። አሜሪካ ከውጭ ከምታስገባው አጃ ብዙውን የምታቀርበው የካናዳ ምርትም ከሲሶ በላይ ቀነሰ።

በሲያትልና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አጃ የአራስ አጥሚት፣ የልጆች ገንፎና የጾም ሾርባ ነው። ይህ እህል ከመደርደሪያ እስኪደርስ የሚያልፍበት መንገድ ግን እምብዛም አይነገርለትም። የአንድ ዓመት የአጃ ዕጣ የሚወሰነው በወደቀው የዝናብ መጠን ብቻ አይደለም። ወሳኙ እርጥበቱና ሙቀቱ ሰብሉን በየትኛው ሳምንት እንዳገኙት ነው።

የለጋነት ወራት

አጃ ቅዝቃዜንና እርጥበትን የሚወድ ሰብል ነው። በሰሜን አሜሪካ በረዶው እንደቀለጠ በጸደይ መባቻ ይዘራል። መሬቱ ረግረግ ሆኖ ዘሩ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከዘገየ፣ ሰብሉ የሚያዘረዝረው የበጋው ሙቀት በሚበረታበት ጊዜ ይሆናል። የዘገየ ማሳ ለሙቀት ብቻ ሳይሆን ለበሽታም የተጋለጠ ነው።

የመጀመሪያው ጠላት ክሽክሽ ነው። ይህ ጥቃቅን ነፍሳት የእህል ቢጫ ድንክ ቫይረስ የሚባለውን ከሣር ወደ ሰብል ያሻግራል። ቫይረሱ የያዘው አጃ ቅጠሉ ይቀላል፤ ቁመቱ ያጥራል፤ ዛላው ባዶ ይቀራል። ቅጠሉ ሲቀላ ያየ ገበሬ የማዳበሪያ እጥረት መስሎት ሊሳሳት ይችላል። ቫይረሱ መድኃኒት የለውም። ተክሉን ለጋ ሳለ ካገኘው ጉዳቱ እጅግ የከፋ ሲሆን፣ በጸደይ በጊዜ የተዘራ ሰብል ግን ክሽክሹ ሳይበዛ ጠንክሮ ይጠብቀዋል። ክረምቱ ለስላሳ በሆነበት እንደ ምዕራብ ዋሽንግተን ባለ አካባቢ ነፍሳቱ ቅዝቃዜው ሳይፈጃቸው ወደ ጸደይ መሻገራቸው ችግሩን ያባብሰዋል።

አንድ ሌሊት ጤዛ

የአጃ ዋነኛ በሽታ የዘውድ ዋግ ነው። ስሙን ያገኘው በአጉሊ መነጽር ሲታይ የአንደኛው ዓይነት ስፖር ጫፍ ዘውድ ስለሚመስል ነው። በቅጠሉ ላይ ብርቱካናማ እብጠቶችን ያወጣል። እብጠቶቹ ሲፈነዱ ስፖር የሚባሉ እጅግ የደቀቁ ብናኞች በነፋስ ይበተናሉ።

ስፖሩ ቅጠሉን ሰብሮ ለመግባት የሚያስፈልገው ለተወሰኑ ሰዓታት የቆየ እርጥበት ነው፤ ለዚህ የአንድ ሌሊት ጤዛ ይበቃዋል። ቀጥሎ ቀኑ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነለት፣ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ አዲስ ትውልድ ይወጣል። ለማስላት ያህል በእያንዳንዱ ዙር አሥር እጥፍ ቢባዛ፣ በአራት ዙር ወይም በአንድ ወር ገደማ አንዱ እብጠት አሥር ሺህ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ በሽታው በአሥር ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መድረሱ በመጨረሻው ምርት ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ከባድ ዶፍ ጥሎ ቶሎ ከሚደርቅ ማሳ ይልቅ፣ ዝናብ ሳያገኝ በየማለዳው በጤዛ የሚርስ ማሳ ለዋግ ሊመች ይችላል። ዋጉ የላይኛውን ቅጠል ከያዘም ጉዳቱ ድርብ ነው። ፍሬውን የሚመግበው ቅጠል ይዳከማል፤ የተቀደደው የቅጠል ቆዳም ውኃ ያባክናል። ዋግ የያዘው አጃ ድርቅን መቋቋም የሚሳነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስፖሩ የሚመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው በክረምት አጃ ከሚበቅልበት ከቴክሳስ በነፋስ ተጭኖ ወደ ሰሜን የሚደረግ ጉዞ ነው። ሁለተኛው ከአውሮፓ የመጣ፣ የጌሾ የቅርብ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ዋጉ በዚህ ቁጥቋጦ ላይ ተዳቅሎ አዳዲስ ዝርያዎችን ስለሚፈጥር፣ ትናንት በሽታውን ይቋቋም የነበረው አጃ ዛሬ ይሸነፋል።

የማዘርዘርና የመጎምራት ሳምንታት

ሰብሉ ሲያዘረዝር ብርቱ ሙቀት ካገኘው አበባዎቹ ሳያፈሩ ይመክናሉ፤ ዛላው ላይ ነጫጭ ባዶ ገለባዎች ይቀራሉ። ፍሬው ከያዘ በኋላ የሚመጣ ሙቀት ደግሞ ፍሬ የሚሞላበትን ጊዜ ያሳጥራል። ውጤቱ ገለባው ወፍራም፣ ፍሬው ቀጭን የሆነ አጃ ነው፤ ወፍጮ ቤቶችም በዝቅተኛ ዋጋ ይገዙታል፤ ካልሆነም ለከብት መኖ ይውላል። በአጨዳ ዋዜማ የሚጥል ዝናብ በበኩሉ ረጃጅሙን አጃ አጋሽቦ ፍሬውን ያበላሻል።

አንድን በሽታ ሸሽቶ ሌላውን ማግኘት

የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለዘውድ ዋግ መፍትሔ ያገኙ መስሏቸው ያውቃሉ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ቪክቶሪያ የተባለ አጃ ዋጉን ይቋቋም ስለነበር ባሕርይው በብዙ ዝርያዎች ውስጥ ገባ፤ ዝርያዎቹም ሰፊ መሬት ሸፈኑ። እ.ኤ.አ. በ1946 ግን እምብዛም የማይታወቅ ሌላ ፈንገስ ተነሥቶ በአዮዋና በሌሎች ግዛቶች እነዚህኑ ዝርያዎች መርጦ አወደመ። ከዋግ ያዳናቸው ባሕርይ ለአዲሱ በሽታ ካጋለጣቸው ባሕርይ ሊነጠል አልቻለም።

ተመሳሳይ ነገር በኢትዮጵያ ስንዴ ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዝናቡ የተመቸበት ወቅት ቢጫ ዋግን አዛምቶ ቁብሳን የመሰሉ ዝርያዎችን ጎዳ። ገበሬዎች ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ድጋሉ ዞሩ። በ2013 ማብቂያ ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ በባሌና በአርሲ ድጋሉን መታው።

ሲያትልና የኢትዮጵያ ማሳዎች

ሲያትል ከዚህ ታሪክ ጋር የተገናኘችው በገንዘብ ነው። መቀመጫው በከተማዋ የሆነው የጌትስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ዋግን የሚቋቋም ስንዴ ለማግኘት ለኮርኔል ዩኒቨርሲቲ 26.8 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በኋላም የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ተቋም፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታኒያ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ተባብረው የስንዴ ዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጉ። ከማሳ የሚሰበሰበው ቅኝት ከነፋስ፣ ከእርጥበትና ከሙቀት ትንበያ ጋር ይቀናጃል፤ የቀጣዮቹ ቀናት ስጋትም ተሰልቶ ለግብርና ባለሙያዎችና ለገበሬዎች ይነገራል። ዋግ በአንድ ወር አሥር ሺህ እጥፍ ሊባዛ በሚችልበት ስሌት፣ የአንድ ሳምንት ቀዳሚነት ፀረ ፈንገስ በወቅቱ ለመርጨት የሚያስችል ዕድል ነው።

ይህ ሥርዓት ግን የተሠራው ለስንዴ ነው። በጎጃም ጮቄ ተራራ ዙሪያ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ገብስ እምቢ ባለበት ቦታ ገበሬዎች የሚዘሩት እንግዶ የሚሉትን አጃ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ በገብስ መካከል የሚበቅለው የሀገሩ አጃም ለዓለም ከሚቀርበው የተለየ ነው። በገበያ የሚገኘው አጃ 42 ክሮሞሶም ሲኖረው የኢትዮጵያው 28 ብቻ አለው። ብዙዎች እንደ አረም የሚቆጥሩት ይህ ተክል፣ በአንድ ባሕርይ ላይ መመካት ያስከተለውን ኪሳራ ላየ ሳይንስ ተጨማሪ የዘር ሀብት ነው። ሀብቱ የሚቆየው ግን ገበሬው በየዓመቱ እስከዘራው፣ ምርምሩም እስከተከታተለው ድረስ ነው።