ነርስ፣ ኤጀንሲና በባንክ የታገደው ገንዘብ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የውጭ አገር ሥራ ኤጀንሲ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ፊቱን ይቋጥራል። አይፈረድበትም። ስለ ዐረብ አገር ጉዞ የሚሰማው ባብዛኛው የመከራ ወሬ ነው። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ መንግሥት ራሱ በ2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ስምሪት አግዶ ነበር፤ በሩ በሕጋዊ መንገድ እንደገና የተከፈተውም አዋጅ ቁጥር 923/2008 ከወጣ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ የሚወቀሰው በአመዛኙ ፈቃድ የሌለው ደላላ ባጠፋው ጥፋት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ማንንም ይጎዳል፤ ነርስን ግን ከሁሉ በላይ ይጎዳል። ነርስ ይዛ የምትሄደው ፈቃድ ያለው ሙያዋን ነው፤ በስውር መንገድ ሰው ቢሻገር እንኳ ሙያው አብሮት አይሻገርም።

መነሻው የታወቀ ነው፦ ዲግሪ፣ የመውጫ ፈተና፣ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና፣ የክልሉ ጤና ቢሮ የሙያ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ፣ ፓስፖርት። ለባሕረ ሰላጤው አገራት ደግሞ ሰነዱን ከሰጠው ተቋም ድረስ ሄዶ የሚያጣራው ዳታፍሎውና በኮምፒውተር የሚሰጠው የፕሮሜትሪክ ፈተና ይጨመራሉ። እዚህ ላይ ቸልተኞችን ቆንጠጥ ማድረግ ያስፈልጋል። በዲግሪው ላይ የአያት ስም በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፎ፣ በትራንስክሪፕቱ በሌላ፣ በፓስፖርቱ ደግሞ በሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ሳለ «ያው ነው፣ ይገባቸዋል» ብሎ መላክ የተለመደ ነው። አይገባቸውም። ለአጣሪው ሦስቱ ሦስት ሰዎች ናቸው። የምረቃው ዘመንም በአንዱ ወረቀት በእኛ፣ በሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን ጥያቄ ያስነሳል። ይህን ማስተካከል ከኤጀንሲ ፍለጋ መቅደም አለበት። የልምድ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ቀጣሪዎቹ ባብዛኛው የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሠራች ነርስ «የገጠር ሆስፒታል ነው» ብላ ልምዷን ታሳንሳለች፤ ነገር ግን ከቆላው የመጣውን የወባ ሕመምተኛ፣ ምጥ የጸናባትን እናትና በምግብ እጥረት የተጎዳውን ሕፃን የምታክመው ያችው አንዲት ነርስ ናት። ችግሩ ደብዳቤው ላይ ነው፤ «በነርስነት አገልግላለች» ብሎ ያልፋል እንጂ በየትኛው ክፍል፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራች አይናገርም።

አሁን ወደ ኤጀንሲው እንምጣ። የሚያስከብረው ቢሮው ወይም ማስታወቂያው አይደለም፤ በባንክ የታገደው ገንዘቡ ነው። አዋጅ 923 ሲወጣ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ኤጀንሲ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ አስገድዷል። ገንዘቡ ለሠራተኛው መብት መያዣ ነው፤ ኤጀንሲው እንደልቡ አያንቀሳቅሰውም። በዚህ ላይ ሕጉ ኤጀንሲውን ከውጭ አገር ቀጣሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ያደርገዋል። ይህ የጠበቃ ቋንቋ ቢመስልም ትርጉሙ ቀላል ነው። ሪያድ ያለው ቀጣሪ ደመወዝ ቢከለክል፣ ነርሷ ሪያድ ድረስ ሄዳ መክሰስ የግድ አይሆንባትም፤ አዲስ አበባ ያለውን ኤጀንሲ መጠየቅ ትችላለች። ኤጀንሲ ማለት እንግዲህ በባዕድ አገር ለሚደርስ በደል አገር ቤት የተቀመጠ ተጠያቂ ነው። ደላላው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤት ወይም የክርስትና ልጅ አባት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቅንነቱ በዝግ ሒሳብ አልተቀመጠም። ነገር ሲበላሽ የሚኖረው ነገር ሽምግልና ብቻ ነው፤ ሽምግልና ደግሞ ቀይ ባሕርን አይሻገርም።

«ሕጋዊዎቹም ቢሆኑ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ሳይከፈል የሚሆን ነገር የለም» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደው ነው። በአዋጁ መሠረት የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን እንዲሁም የኢንሹራንሱን ወጪ የሚሸፍነው ቀጣሪው ነው። ሠራተኛው የሚሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ሰርተፍኬትና የመሳሰሉትን ነው። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነትም ኤጀንሲዎች ከሠራተኛ ክፍያ እንዳይቀበሉ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጥቅም ስሌት አለበት። ቀጣሪው የሚከፍለው ኤጀንሲ ትርፉን የሚያገኘው ነርሷ ስትደርስ፣ ፈተናውን ስታልፍና በሥራዋ ስትቆይ ነው፤ ስለዚህ ደካማ ሰነዷን አስቀድሞ ይነግራታል። ነርሷ የከፈለችው ግን ትርፉን ከእጇ ተቀብሏል፤ ሄደችም ቀረችም ለእሱ ያው ነው። እንዲያውም የማታልፈውን ሁሉ መመዝገብ ያዋጣዋል። ስለዚህ ክፍያ ነገሩን ያፋጥናል የሚለው እምነት ተገልብጦ መነበብ አለበት፤ ገንዘብ አስቀድሞ የተቀበለ ሰው የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ሕግ ጥሶ የሚቀበል ባለፈቃድ መኖሩ እውነት ነው። እሱን ግን በደረሰኝና በአቤቱታ ፈቃዱን ማሳጣት ይቻላል፤ ፈቃድ የሌለውን ምን ያሳጡታል?

ሌላው ግራ መጋባት ከአሜሪካ ወሬ የሚመጣ ነው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ትራቭል ነርስ» ሆነው በየ13 ሳምንቱ ውል ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዘዋወሩ፣ ኤጀንሲው ራሱ ቀጣሪያቸው ነው፤ ሆስፒታሉ ለኤጀንሲው፣ ኤጀንሲው ለነርሷ ይከፍላል። የእኛው ኤጀንሲ ግን አገናኝ እንጂ ቀጣሪ አይደለም፤ የሙያ ፈቃድም አይሰጥም። በአሜሪካ ኤን-ክሌክስ የሚባለውን ፈተና ሳታልፍ «አሜሪካ ሆስፒታል አስገባሻለሁ» የሚላት ሰው ያልያዘውን ነገር ይሸጥላታል። የእንግሊዝ ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸውን 55 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያን አካቷል፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ከእነዚህ አገሮች ነርስ መመልመልን ይከለክላል። ነርሷ በራሷ ብታመለክት አልተከለከለችም፤ ደብረ ታቦር ወይም ነፋስ መውጫ መጥቶ ለእንግሊዝ ሆስፒታል እመለምላለሁ የሚል ግን ገና በመጀመሪያው ቃሉ ራሱን አጋልጧል።

ታዲያ እጥረት ባለበት አገር የመውጫውን መንገድ ማሳየት ተገቢ ነው? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ከርቀት ቀበሌ በቃሬዛ የመጣ ሕመምተኛ የሚጠብቀው ያችኑ ነርስ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የምልመላ መመሪያ እንኳ እገዳ የሚፈልገው በመልማዩ ላይ ነው፤ ባለሙያው የመሄድ ነፃነቱን አያጣም። ተመርቀው ቅጥር ያጡ ነርሶች ባሉበት አገር ደግሞ መንገዱን አለማሳየት ማንንም አያስቀርም፤ የሚሄዱትን ለደላላ አሳልፎ ይሰጣል እንጂ። ነርስ ማቆየት የሚፈልግ ወረዳ በደመወዝ፣ በመኖሪያ ቤትና በትምህርት ዕድል ይወዳደር።

ምርጫው ስለዚህ በሁለት ፍተሻ ያልቃል። አንደኛው፣ የኤጀንሲው ፈቃድ ዛሬም የጸና መሆኑን ከወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ውሉንና ቪዛውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ነው፤ የሆስፒታሉ ስም፣ ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ መኖሪያውና በተለይ የሙያው መጠሪያ በሁለቱም ላይ አንድ መሆን አለባቸው። በውሉ «ነርስ» ተብላ በቪዛው «የቤት ሠራተኛ» የተባለች ሴት እዚያ ስትደርስ የምትቆጠረው በቪዛው ነው። «ግቢ እንጂ፣ እዚያ ይስተካከላል» የሚል ኤጀንሲ ፈቃድ ቢኖረውም አይሆንም፤ ሌላ መፈለግ ነው። ሥራውን በራሷ ያገኘች ነርስም ከቤት ሠራተኛነት ውጭ ለሆነ ሙያ ውሏን በሚኒስቴሩ አስፈቅዳ በቀጥታ መቀጠር ስለምትችል፣ ኤጀንሲውን የምትመርጠው ተጠያቂነቱን ፈልጋ መሆን አለበት። ፈቃዱን፣ ውሉንና ቪዛውን ለማሳየት የማይፈቅድ ኤጀንሲ ከደላላ የሚለይበት ነገር የለም።