ከመፍቻ አቀባይ እስከ ቧንቧ ባለሙያ

እቴጌ ዕሌኒ በመርጡለ ማርያም ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ጥርብ ድንጋይ፣ በላዩም የተፈለፈለው ሐረግ ዛሬም ያስደምማል። እንዲህ ያለ እጅ የነበረበት አገር ግን ባለ እጁን ሲንቅ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ እያለ ሲያርቅ ዘመናት አለፉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። ስድቡ ቢቀርም ንቀቱ ጨርሶ አልሞተም። ልጃቸው የቧንቧ ሙያ ልማር ሲል «አሥር ዓመት ተምረህ ሽንት ቤት ልትጠግን ነው?» የሚሉ ወላጆች ዛሬም አሉ። እኔ ደግሞ በደጋው ከተሞች አንድ ወጣት ሊይዛቸው ከሚችላቸው ሙያዎች ይህን ከፊተኞቹ ተርታ አስቀምጠዋለሁ። ሰው ከቦኖ በጄሪካን መቅዳቱን ትቶ ወደ ግቢው ቆጣሪ፣ ከግቢው ወደ ቤቱ ውሃ እያስገባ ነው። ያንን የሚሠራ አዋቂ ያስፈልጋል።

ለምኒልክ ወደ ግቢያቸው በቧንቧ ውሃ ያስገባላቸው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ከእንጦጦ በኩል የወረደው ውሃ ዝቅ ያለውን ስፍራ አልፎ እንደገና ወደ ግቢው ሽቅብ ሲወጣ ሕዝቡ ተደነቀ። ምስጢሩ ከፍታ ነው፤ መነሻው ከመድረሻው ከፍ ካለ፣ ውሃው በመሐል ቢወርድም ተመልሶ ይወጣል። ጀማሪ ቧንቧ ሠራተኛ ከመፍቻ በፊት ሊገባው የሚገባው ይህ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ስለዚህ 3 ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው። በዚህ ግፊት የእጅ መታጠቢያው ይሠራል፣ ሻወሩ ግን ይንጠባጠባል። ባለቤቱ «ቧንቧው ተበላሸ» ብሎ ሲጠራ፣ ያላወቀ ሠራተኛ ደህናውን ቧንቧ ይፈታል። ያወቀው ማማውን ከፍ ያደርጋል፣ ወይም ቀጭኑን መስመር በሰፊ ይተካል።

የእኛ ደጋ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ከጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ውሃ የሚስብ ፓምፕ በባሕር ወለል ላይ ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ይስባል። ደብረ ማርቆስ ባለችበት ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ያ ልክ ወደ 7.5 ሜትር ግድም ይወርዳል፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። ቆላ የሠራ ፓምፕ ደጋ ላይ እምቢ ሲል ብዙዎች ሻጩን ይወቅሳሉ። ጥፋቱ የሻጩ ሳይሆን የከፍታው ነው፤ መፍትሔውም ፓምፑን ዝቅ አድርጎ መትከል ወይም ውሃ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት መምረጥ ነው።

ወደ ሙያው መግቢያው ሁለት ነው። አንደኛው ትምህርት ቤት ነው፤ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በየደረጃው ተከፋፍሎ ይሰጣል፣ ሠልጣኙም ከፊሉን ጊዜ በሥራ ቦታ ያሳልፋል። ኮሌጅ ሁሉ የሳኒተሪ ክፍል በየዓመቱ ላይከፍት ስለሚችል፣ ኮሌጁ ድረስ ከመሄድ በፊት መጠየቅ ይበጃል። ሁለተኛው ረዳት ሆኖ መፍቻ እያቀበሉ መማር ነው። ብዙዎቹ ጎበዞች የወጡት ከዚህ ነው። እንዲህ የተማረ ሰውም በብቃት ምዘና፣ ሰዉ ሲኦሲ በሚለው ፈተና፣ ችሎታውን አስመስክሮ ወረቀቱን መያዝ ይችላል። አዲስ አበባ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ኮንዶሚኒየም መገንባት ስትጀምር የቧንቧ ሥራው በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ወጣቶች ይሰጥ ነበር። በአንድ ሕንፃ ላይ ተመሳሳዩን መታጠቢያ ደጋግሞ የተከለ እጅ ይፈጥናል፤ ያ ለብዙ ሰው ትምህርት ቤት ሆኖለታል።

እጅ የሚፈታው በትንንሹ ነገር ነው። ቴፍሎን የሚጠቀለለው ክሩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው ከዞረ ሲጠብቅ ይላቀቃል። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ወደ 260 ዲግሪ በሞቀ ማሽን ይቀልጣል፤ 20 ሚሊ ሜትሩን ለማሞቅ 5 ሴኮንድ ይበቃል፤ ሲገባ መጠምዘዝ የለበትም፤ እስኪቀዘቅዝም እጅን አርግቶ መያዝ ነው። ሰነፍ እጅ እዚህ ላይ አብዝቶ ያሞቅና ውስጡን ይደፍነዋል። ፍሳሽ ደግሞ ተዳፋት ይፈልጋል፤ ለ100 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ ውሃ ልክ የሌለው ቧንቧ ሠራተኛ ገና ግማሽ ሠራተኛ ነው። ሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ውሃም ለከንቱ አይደለም፤ የጉድጓዱን ሽታ የሚያግደው እሱ ነው።

ሁሉም ሲያልቅ፣ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መስመሩ በግፊት ይፈተናል። የሚሠራበትን ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ተሞልቶ፣ ጌጁ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ባለቤቱ ቢቸኩልም፣ ለሳኙ ሲሚንቶውን አቡክቶ ቢጠብቅም፣ ይህን ሳያደርጉ ግድግዳ ማስለሰን ነውር መሆን አለበት እላለሁ። ሴራሚክ ተለጥፎ ከወራት በኋላ እርጥበት ሲወጣ ግድግዳው የሚሰበረው በባለቤቱ ገንዘብ ነው።

ገጠሩም ሥራ አለው። በአማራ ክልል መንደሮች የተተከሉት አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፖች መንደርተኛው ራሱ እንዲጠግናቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ትንሽ ጎማ ነው። ያቺ ጎማ እስክትቀየር ግን እናቶችና ልጃገረዶች ወደ ምንጭ ይመለሳሉ። ሴት ልጆች ወደዚህ ሙያ ቢገቡ የምመኘው ለዚህም ነው፤ የውሃ መቋረጥ ከማንም በላይ የሚከብደው እነሱን ነው።

ከረዳትነት ወደ ባለሙያነት፣ ከባለሙያነት ወደ ተቋራጭነት የሚያሻግረው ጉልበት ሳይሆን እርሳስ ነው። የሕንፃ ፕላን ማንበብ፣ ስንት ሜትር ቧንቧ፣ ስንት ቲ፣ ስንት ቫልቭ እንደሚገባ አስቀድሞ ማስላት፣ ዋጋውን በጽሑፍ ማቅረብ። ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ከትምህርት ቤት ወይም ከሆቴል ጋር የሚዋዋለው ይህን የሚችለው ነው። ጥሩው ባለሙያ ሥራውን ሲያስረክብ መስመሩ በየትኛው ግድግዳ፣ በስንት ሴንቲ ሜትር ከፍታ እንዳለፈና ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ በአንድ ወረቀት ሥሎ ለባለቤቱ ይተዋል። ቀጥሎ ምስማር የሚመታውም፣ ክፍል የሚጨምረውም ሰው ያንን ወረቀት ያያል፤ ሲጨንቀውም የሚደውለው ከግርጌው ስሙን ለጻፈው ባለሙያ ነው።